አንድ እጄን ፍቱልኝ

የቀዶ ሕክምና ክፍል ሕግ ለእጅ የሰጠው ግዛት ጠባብ ነው። ታጥቦ ጓንት ያጠለቀ እጅ ከደረት በላይ አይወጣም፣ ከወገብ በታች አይወርድም። ፊትን ወይም ጭምብልን ከነካ ቆሸሸ ተብሎ ከነባለቤቱ ይባረራል። እኔ መሣሪያ አቀባይ ነርስ ስለሆንኩ ይህን ሕግ ለሌላው ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ችግር ያመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ችግሩ የታየው መስማት የተሳነው ቀዶ ሐኪም የተመደበልን ጊዜ ነው።

ሁላችንም ጭምብል ስለምናደርግ ዶክተሩ ከንፈር ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ የምልክት ቋንቋ እንድንማር ተደረገ። መምህሯ ባስተማረችን መሠረት «አመሰግናለሁ» አገጭን ይነካል፣ «ውሃ» ከንፈርን፣ «ገባኝ» ግንባርን። በመጀመሪያው ቀን «ገባኝ» ስንል ሦስት ጥንድ ጓንት ተጣለ። ዶክተሩም ከአንገት በላይ ያለውን ቃል ሁሉ ከለከለ። ለአንድ ሳምንት ማንም ማንንም ሳያመሰግን፣ ማንም ምንም ሳይገባው ቀዶ ሕክምና ተካሄደ። ሕመምተኞቹ ግን ደህና ሆነው ወጡ።

ቀስ በቀስ የራሳችንን መላ አበጀን። «አመሰግናለሁ» ሁለት ጣት ማጠፍ ሆነ። ዶክተሩን ቀና ማድረግ የፈለገ በጠረጴዛው ሥር እግሩን በእግሩ ይነካዋል። ማደንዘዣ ሰጪያችን ከራስጌ ስለሚቀመጥ እግሩ አይደርስም፤ ለእሱ ሲጫናት ብልጭ የምትል ትንሽ አምፖል ተሰጠችው።

ይህን ሰውዬ «ሬዲዮ» ነው የምንለው። ዝም ሲል ታይቶ አይታወቅም። የምልክት ቋንቋው ሲጀመር አሁንስ አረፍን ብለን ነበር። ምን ያደርጋል፣ የእሱ እጅ ቁስል ስለማይነካ ከራስ እስከ ወገብ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ከሁላችን ቀድሞ ለመደው። ከወገቡ በታች ብቻ የደነዘዘ ሕመምተኛ ነቅቶ ስለሚተኛ፣ ድሮ በሱ ፊት አፋችንን እንጠብቅ ነበር። አሁን ሬዲዮ ከሕመምተኛው ግንባር አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ስለ ኃላፊው አዲስ ጫማና ስለ ፋርማሲስቷ እጮኛ በእጁ ይተርካል። ሕመምተኛው የሕክምናው ክፍል ይመስለዋል። አንድ ሽማግሌማ «የኔ ልጅ፣ ምን ያህል ትደክማለህ!» ብለው መርቀውታል።

እኔ በትምህርቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከሌላው ጋር ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መምህሯ «ተሰጥኦ አለሽ» አለችኝ። አገጬን ነክቼ አመሰገንኳት። ባሌ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ወደዚህ ሆስፒታል የተዛወርኩት ከሞተ በኋላ ስለሆነ፣ ባልደረቦቼ ባል እንደሞተብኝ እንጂ ሌላውን አያውቁም። የምነግርበት ምክንያትም አልታየኝም።

የምኖረው ከእናቱ ጋር ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለታችንም እጃችንን ለወሬ አንስተን አናውቅም፤ ለምን እንደሆነም አልተነጋገርንም። ስለ ዶክተሩ የነገርኳቸው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«የማይሰማ ሐኪም?» አሉ። «ጎሽ፣ እሰይ። እኔን ግን አይነካኝም።»

«ምነው እማማ፣ እርስዎ እንዲህ ይላሉ?»

«እኔማ ነኝ የምለው! አንዱን አሳድጌያለሁ። ቤት እየተቃጠለ ብጠራው ጨርቁን ይለካል። ሆዴ ተከፍቶ ብጮህ ማን ይሰማኛል?»

እማማ ከብሽሽታቸው ሥር እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ደብቀው ከዓመት በላይ ቆይተዋል። ሾልኮ የወጣ አንጀት ነው። የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ሰርዘዋል፤ አንዴ ዘነበ ብለው፣ አንዴ ፀሐዩ ከረረ ብለው። አንድ ሰኞ ጠዋት እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ያስመልሳቸውም ጀመር። አንጀቱ ታንቋል። ቶሎ ካልተለቀቀ ይሞታል፤ ከሞተ ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ በሰባ አራት ዓመታቸው ደግሞ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ተረኛው ዶክተሩ ነበር። ዘመድ ሲታከም ገብቶ መሥራት ባይፈቀድም ሌላዋ መሣሪያ አቀባይ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆነች እኔው ገባሁ።

«ማነው የሚቀደኝ?» አሉ እየገፋናቸው ስንሄድ። ዶክተሩ ሲመረምራቸው ከሕመሙ የተነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የተናገረችውም አብራው የነበረች ተለማማጅ ሐኪም ናት።

«በጣም ጎበዝ ሐኪም ነው።»

«ጉብዝናውን መች ጠየቅኩሽ?»

ስሙን ነገርኳቸው። የቀረውን አልነገርኳቸውም። ቢያውቁ ከአልጋው ወርደው እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ቤት ከደረሱ ደግሞ እንደማይመለሱ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ከደረታቸው በላይ መጋረጃ ስለሚወጠር የእኛን እጅ አያዩም። ሬዲዮን ደግሞ አስጠነቅቀዋለሁ። ግን ለማስጠንቀቅ አማቴ ምልክት ያውቃሉ ማለት አለብኝ፤ ከየት አወቁ መባሉ አይቀርም። እስኪ ደም የሚጠረግበትን ጨርቅ፣ ጎዙን፣ ልቁጠር ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሬዲዮ ጀምሮ ነበር።

«የዛሬዋ እናታችን ኮስተር ብለዋል» አለ በእጁ፣ ልክ ከፊታቸው በላይ። «ትንሽ ቢጠጓቸው ይነክሳሉ።»

ከመጋረጃው ማዶ ድምፅ መጣ።

«በምን ልንከስህ? ጥርሴን አውልቃችሁ ወስዳችሁ!»

የሬዲዮ እጅ አየር ላይ ቀረ። እውነት ነው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከመግባታቸው በፊት አውልቀን በዕቃ አስቀምጠነዋል።

«ምን… ምን አሉ እናቴ?»

«ላልከው ነው የመለስኩልህ። ደግሞ ስታወራ እጅህን ፍታ አድርገው፤ ሊጥ የምታቦካ ነው የምትመስለው።»

ሬዲዮ እኔን አየኝ። እኔ ጎዝ አየሁ። በክፍሉ ውስጥ ያልተረበሸው ዶክተሩ ብቻ ነበር፤ አቀርቅሮ ይቀድዳል።

«ቆይ ቆይ» አሉ እማማ። «እዚያ መብራቱ ውስጥ የማየው እጅ የማነው? መቀስ ስጭኝ የሚለው?»

ስለ መብራቱ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ከላያችን የተንጠለጠለው ትልቁ መብራት መሐሉ እንደ መስተዋት ነው። እማማ ደግሞ ለቅርብ ነው እንጂ መነጽር የሚፈልጉት፣ ለሩቅስ ዓይናቸው የንስር ነው።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት እማማ።»

«ይህ የሚቀደኝ ሰው ይሰማል?»

«በጣም ጎበዝ ነው እማማ።»

«ገባኝ። ልነሳ ነው።»

«በየትኛው እግርዎ?» አለ ሬዲዮ ሳያስበው። እግራቸውን ለሦስት ሰዓት የወሰደባቸው እሱ ራሱ ነው። ለመነሳት ያደረጉት ሙከራ ግን በደም ግፊታቸው ላይ ታየ፤ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ ማሽኑ ጮኸ። ሬዲዮ አምፖሏን ደጋግሞ ተጫነ።

ዶክተሩ ቀና አለ። «ምንድነው?»

ሬዲዮ በጣቱ ወደኔ ጠቆመ። እኔ ነገርኩት። «ሕመምተኛዋ በእጅ የምንለው ሁሉ ይገባቸዋል። ተቆጥተዋል። እንዳይነቃነቁ እፈራለሁ።»

«አንድ እጄን ፍቱልኝ!» አሉ እማማ። «ልናገርበት!» እጃቸው ግራና ቀኝ በቀበቶ ታስሮ ነበር። ሲናገሩ የቆዩት ሳይቆጠር መሆኑ ነው።

ዶክተሩ ወደ ቁስሉ ተመለሰ። አንጀቱን አንቆ የያዘውን ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ ለቆታል። የወጣው አንጀት እንደ በሰለ ወይን ጠቁሯል። በሞቀ ጨዋማ ውሃ በተነከረ ጎዝ ጠቀለለው። «አምስት ደቂቃ» አለኝ። ቀለሙ ከተመለሰ ድኗል፤ ካልተመለሰ ይቆረጣል። በአምስቱ ደቂቃ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ የለም። እጆቹን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ትንሽ አሰበና «ፍቱላቸው» አለ።

ከጠረጴዛው ራቅ ብላ የምትቆመው ረዳት ነርስ ቀኝ እጃቸውን ፈታች። ከመጋረጃው በላይ ቀጭን፣ የተሸበሸበ እጅ ወጣና አንዴ ተወዛወዘ። ዶክተሩ ወዲያው አየ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለው እጁ።

«የአናጢ ልጅ ነኝ» አለ ዶክተሩ፣ ከደረቱ ሳያልፍ፣ መብራቱ ውስጥ እንዲታያቸው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ።

«እናትህ አለች?»

«አለች።»

«ትጽፍላታለህ?»

«በየሳምንቱ።»

«ውሸታም።»

የዶክተሩ ዓይን ከጭምብሉ በላይ በሳቅ ጠበበ። «በየወሩ» ብሎ አረመ።

«ሆዴ ተከፍቶ ብጮህ ምን ልታደርግ ነው?»

በእጅ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አንቱ የለም፤ ስለዚህ እንዲህ መለሰላቸው፦ «ብትጮሂ አልሰማም። እጅሽን ብታነሺ ግን አያለሁ።»

«እጄን አስራችሁ?»

ዶክተሩ አሰበበት። «ልክ ነሽ» አለ። «ይህን አላሰብነውም።» ከዚያ ቀን ወዲህ ምልክት የሚያውቅ ሕመምተኛ ሲገባ አንድ እጁን አናስርም።

«አንቺ ከማን ተማርሽ?» አለ።

እማማ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አጋጥመው፣ መብራቱ ውስጥ እያየናቸው፣ አንገትጌያቸውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉ፤ መርፌ ቁልፍ እንደሚሰካ ሰው። የባሌ የምልክት ስሙ ነው። ሲሰፋ መርፌ ቁልፎቹን ሁሉ አንገትጌው ላይ ይደረድር ነበር። ያንን ስም ካየሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

«ልብስ ሰፊው!» አለ ዶክተሩ። «ተማሪ ሆነን ሁላችንም እሱ ጋ ነበር የምናሰፋው። የምርቃቴን ሱሪ ሰፍቶልኛል። አጠረብኝ።»

«አንተ ረዘምክ እንጂ እሱ አላሳጠረውም!»

«አሁን የት ነው?»

የእማማ እጅ ወደኔ ጠቆመ። «ሚስቱ ትንገርህ። ያችውልህ፣ መቀስ አቀባይህ።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሬዲዮ በአፉ «ተሰጥኦ ያላት!» አለ።

«የምን ተሰጥኦ?» አሉ እማማ፣ እሳቸውም በአፋቸው። «አሥራ አንድ ዓመት በእጇ ስትጨቃጨቅ የኖረች ናት!»

ዶክተሩ መልሴን ይጠብቃል። የባሌ ስም ያለው አንገትጌ ላይ ነው፤ የኔ እጅ ጓንት ውስጥ ነው፣ ከደረት በላይ አይወጣም። ከደረቴ ፊት፣ አየር ላይ፣ ጣቶቼን አጋጥሜ ሁለት ጊዜ ሰካሁ። ከዚያ «ሞቷል» አልኩ።

ዶክተሩ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ሱሪው አሁንም አለኝ» አለ።

ረዳቷ ነርስ መጥታ ግንባሬን ጠረገችልኝ፤ ከዚያም ከዓይኔ ሥር።

«ላብ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ መብራቱ ይሞቃል» አለች።

አምፖሏ ብልጭ አለች። አምስት ደቂቃው አልቋል። ዶክተሩ ጎዙን ገለጠ፤ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ጥቁሩ ቀልቷል፤ ቀዩም ከዳር በኩል ወደ ሮዝ እየሳሳ ነው። ዶክተሩ በጣቱ ጫፍ ነካ ሲያደርገው አንጀቱ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው ቀስ ብሎ ተገላበጠ።

«ሕያው ነው» አለ ዶክተሩ ወደ መብራቱ።

ቀጭኑ እጅ ሁለት ጣቱን አጠፈ። የኛን «አመሰግናለሁ» በዚያች ግማሽ ሰዓት ከመብራቱ ውስጥ ተምረውታል።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ሳልገባ አየኋቸው። ጥርሳቸው ተመልሶላቸዋል።

«ያ ልጅ መጥቶ ነበር» አሉ። «ዛሬ የለበሰውን ሱሪ አየሁት። እሱም አጭር ነው። ግን ይኼኛውን የሰፋው ሌላ ነው፤ የኛ ልጅ ጫፍ እንዲህ አያጥፍም።»

«ሊያዩ የፈለጉት ሱሪውን ነው?»

«ታዲያስ! ስሚ፣ በዕድሜዬ ስንቱን ጠርቻለሁ። እንደሱ ቶሎ ዞሮ ያየኝ የለም። ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዳይነካኝ።»

ከጎናቸው ባለው አልጋ የተኛችው ሴት ጆሮዋን ጥላ ታዳምጣለች። እማማ አዩዋት፤ አፋቸውን ዘጉና እጃቸውን ከአንሶላው አወጡ።

«ይህች ሴት ስታንኮራፋ አደረች» አለ እጃቸው። «ቤቱ ሊፈርስ ነበር።»

እጄን አየሁ። ጓንት የለውም። አነሳሁት፤ ከደረቴ አለፈ፤ አንገትጌዬ ላይ ደርሶ መርፌ ቁልፎቹን ሁለት ጊዜ ሰካ።

«እሱም ያንኮራፋ ነበር» አልኩ። «ስነግረው አላምንሽም፣ እኔ አልሰማሁም ይለኝ ነበር።»

እማማ ቁስላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ። ሲበርድላቸው አንዱን እጅ ለቀቁት።

«ዝገሻል» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ እንደገና በይው።»