የተቆረጠው አፈሙዝ

የሺአረግ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ በማጉያ መነጽሯ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለከተችው። አልተሳሳተችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በላምባና በለስላሳ ብሩሽ ያስለቀቀችው ዝገት ሸፍኖት የኖረው ነገር ፍጥጥ ብሎ ወጥቷል። በአፈሙዙ ዙሪያ የብረት መጋዝ የጫረው ቀጭን መስመር፣ ከማነጣጠሪያው ስር ደግሞ በእጅ የተበየደ ነሐስ።

ጠመንጃው ከፋብሪካ አጭር ሆኖ የወጣ አልነበረም። ረጅም ነበር፤ ሰው ቆርጦታል።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለዋጋ ገማች ግን ሁሉም ነገር ነው። ከምላጩ ስር ባለው የብረት እጀታ የሚጎረሰው፣ መቶ ዓመት ያለፈው አጭር ጠመንጃ ብርቅ ነው። ረጅሙን ግን የፈለገ አያጣውም። የተቆረጠውንማ ማን ይፈልገዋል? ገማቹ ሽመክት ከአዲስ አበባ መግባቱን፣ ስምንት ሰዓት ላይም ከዚራ ሰፈር ካለው ወርክሾፗ እንደሚደርስ ጠዋት ደውሎ ነግሯታል።

የጠመንጃው ባለቤት ሃሊሞ ከልጇ ከሲያድ ጋር የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ቀድማ ደረሰች። ሰባ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ናት፤ ከፖሊስ ያወጣችውን የፈቃድ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። የሲያድ የጭነት መኪና ሞተሩ ነክሶ ከቆመ አራት ወሩ ነው። ሁለቱም ከዚህ ጠመንጃ ብዙ ይጠብቃሉ።

የሺአረግ ያየችውን ሳትሸሽግ ነገረቻቸው።

ሲያድ መስመሩን በጥፍሩ ዳበሰው። «ይሄን ማጥፋት ላንቺ ምንሽ ነው? ባቡር ወርክሾፕ ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ ማሽን ላይ የቆምሽ ሰው!»

«እችላለሁ» አለች። እውነቷን ነው። በሞረድና በማጥቆሪያ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሽመክት ቀርቶ የሠራው ፋብሪካ እንኳ አይለየውም። እንደምትችለው ማወቋ ራሱ እጇን አሳከካት። «ግን አልነካውም።»

«አቦ ተይ የሺ! ማን ይጎዳል?»

«የሚገዛው ሰው። ነገ ደግሞ እናትህ፤ አታላ ሸጠች ተብላ።»

ሃሊሞ ጠመንጃውን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመችው። «አባቴ ነው የቆረጠው» አለች።

ሲያድ ዞር አለ።

«እናቴ አጭር ነበረች። አባቴ ከባቡሩ ጋር ሲሄድ ሳምንት ይቀራል፤ ጅቡ ደግሞ ፍየሎቹን ይጨርሳል። ረጅሙ ከበዳት። አንድ ቀን ይዞት ሄደ፣ በሷ ክንድ ልክ ቆርጦ አመጣላት። ከዚያ በኋላ ፍየል አልጎደለብንም።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዋጋውን ነው የጠየቅከኝ።»

ሽመክት በሰዓቱ መጣ። እጀታውን ወደ ታች ገፍቶ ሲመልሰው ብረቱ ያለ አንዳች መንገራገር ታዘዘው፤ የገማቹ ፊት በራ። «ሰደፉ አልተፋቀ፣ ብሎኑ አልተቀየረ። እንዲህ ያለ አጭር አይቼ አላውቅም» አለ። ወደ አፈሙዙ ገና አልደረሰም። ብዕሩን ግን አውጥቷል።

ሲያድ የሺአረግን በዓይኑ ይለምናታል።

«አፈሙዙን ይዩት» አለች።

ሽመክት አየው። ጊዜ ወስዶ ካየ በኋላ ጠመንጃውን አስቀምጦ ቅጹን ሞላ። «አዝናለሁ እናቴ፤ ዋጋው በጣም ይወርዳል።» ሲያድ ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለች ሃሊሞ።

«‹ረጅም የነበረ፤ የተቆረጠ።›»

«ማን እንደቆረጠው፣ ለማን እንደቆረጠውም ጻፍ።»

«ቅጹ ለሱ ቦታ የለውም።»

«ጀርባው ባዶ ነው።»

ገማቹ የሺአረግን ተመለከታት። እሷም በጨርቋ ዘይቱን ከጠረጴዛው ጠርጋ ወንበሩን ሳበችለት። ተቀምጦ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ሃሊሞም ስለ ጅቡና ስለ ፍየሎቹ እንደገና ነገረችው፤ ጻፈ።

«የእናትዎ ስም?»

«መሪያም ሮብሌ።»

«የአያት?»

ሃሊሞ አፏን ከመክፈቷ በፊት ድምፁ ከበሩ መጣ።

«ዋይስ» አለ ሲያድ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ። ሽመክት ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀው። «ከዚያ ጌሌ። ከዚያ ቡህ…» በልጅነቱ ያስጠኑትን የሴት አያቱን የትውልድ ቆጠራ አንድ በአንድ እየጠራ ወደ ኋላ ሄደ፤ የገማቹም ብዕር ከኋላው ተከተለው።