ጥፋት የሌለበት ጓሮ

የወረዳው ሠራተኛ ፒዮ በመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያሳያል። ድሮን በየቤቱ አናት እየዞረ ያነሳቸው፣ ያለፈቃድ የተሠሩ ጣራዎች ናቸው። የአንዱ ዶሮ ቤት፣ የሌላው የበርበሬ ማድረቂያ ዳስ። ቦንሱን ከኋላ ተቀምጣ ታዛጋለች። ምን አስጨነቃት? ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ያላት አንድ ቤት፣ ኪምቺ ለሚባለው የጎመን ምግብ የሚሆን በርበሬ የምታበቅልበት አንድ ማሳና አንድ ጓሮ ነው።

«ይኼ ደግሞ» አለ ፒዮ በኩራት፣ «አንድም ሕገ ወጥ ጣራ የሌለበት፣ ለሁላችንም ምሳሌ የሚሆን ጓሮ ነው።»

ጓሮው የእሷ ነበር። መሃሉ ላይ ቀይ የጎማ ገንዳ፣ ገንዳው ውስጥ ራቁቷን የቆመች ሴት፤ በአንድ እጇ በቅል ውሃ እያፈሰሰች በሌላው ጀርባዋን ታሻለች። ፊቷ ተደብዝዟል። ገንዳው ግን ፍንትው ብሎ ይታያል፤ በተሰነጠቀ ጊዜ ባሏ በሽቦ እንደሰፋው ደግሞ የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም።

ከአዳራሹ አንዱ ክትክት ብሎ ሳቀ። ቦንሱን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በርበሬ ሲለቅም የዋለ ገላ ይለበለባል። እሷና ባሏ አርባ ዓመት ሙሉ ከለቀማ ሲመለሱ እዚያ ገንዳ ውስጥ እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ጀርባ በቀዝቃዛ ውሃ ያሽ ነበር። ባሏ የጓሮውን ግንብ ከሰው ቁመት በላይ ያስረዘመውም ለዚሁ ብሎ ነው። ለሰው ዓይን ግንብ ይበቃል፤ ለሰማይ ግን ማን ያጥራል?

በማግስቱ ከፒዮ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ፎቶዬን አጥፋልኝ!»

«እማማ፣ እኛ ሕጉን አክብረናል እኮ። ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳት ክልክል ነው፤ እኛ ያነሳነው ጓሮ ነው። ድንገት ሰው ከገባበት ፊቱን ሸፍኑ ይላል፤ ሸፍነናል።»

«ፊቴንማ ገበያው ሁሉ በየአምስት ቀኑ ያየው የለ! መሸፈን ያለበትን ትተህ የማይሸፈነውን ሸፈንክልኝ?»

የፒዮ ጆሮ ቀላ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰድባው ይወጣላት ነበር።

«ፊቷ ስለማይታይ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች በሕግ አይታወቅም። እኔ ነኝ የሚል ሰው ካለ ግን በጽሑፍ አመልክቶ፣ በፊርማ ፈንታ የስሙን ማኅተም መትቶ ማስጠፋት ይችላል።»

«በሕግ አይታወቅም? መንደሩ በሙሉ አውቆኝ?»

«መንደሩ ሕግ አይደለም፣ እማማ።»

እናም ጻፈች። «ገንዳው ውስጥ ራቁቷን ያለችው ሴት እኔ ነኝ።» በጋብቻዋና በባሏ ሞት ወረቀት ላይ ያረፈውን ማኅተሟን አወጣች፤ ቀዩ ቀለም ውስጥ ነክራ መታችው። ልትደብቀው የሄደችውን ነውር በገዛ እጇ አጽድቃው ተመለሰች።

ፎቶው ጠፍቷል ተባለች። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ በታጠበች ቁጥር ዓይኗ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ትንኝ ጥዝ ሲል ልብሷን ታፍሳለች። በመጨረሻ መረራት። አራት እንጨት ተከለች፣ የፕላስቲክ ክዳን አለበሰችውና ገንዳዋን ከሥሩ አስገባች። የመንደሩ ሹም ታክ በበሩ አንገቱን አስግጎ ሳቀባት።

«እትዬ፣ ቤተ መንግሥት እየሠራሽ ነው?»

«ለዚያች ለምትበረው ዝንባችሁ ነው። እስቲ አሁን ትየኝ!»

ያን ዓመት እንደ ልቧ ታጠበች።

በዓመቱ ፖስታ መጣላት። ጓሮዋ ነው፤ ከላይ የተነሳ። የፕላስቲክ ክዳኑ በቀይ ተከቧል። «ያለፈቃድ የተሠራ ጣራ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይፍረስ።»

ወረቀቱን ጨብጣ ስትገባ ፒዮ ፊቱ በርቶ ተቀበላት።

«አዩ እማማ፣ ዘንድሮ ሰው የለበትም! እኔው ራሴ ነኝ ያጣራሁት።»

«ጣራውን የሠራሁት ከእናንተ ልደበቅ ብዬ ነው!»

«ይገባኛል። ግን ለእሱ የሚሰጥ ፈቃድ የለም።»

ቦንሱን በንዴት ጦፈች። ሕጉ ሁሉንም አስቦ እሷን ብቻ ረስቷል። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ዣንጥላስ? ዣንጥላም ፈቃድ ይፈልጋል?»

ፒዮ የቀለደች መስሎት ቀና አለ። ፊቷን ሲያይ መመሪያውን ከፈተና ገጽ በገጽ አገላበጠ።

«መሬት ላይ ካልተተከለ፣ አይፈልግም።»

ጣራውን ራሷ አፈረሰችው። የዚያኑ ቀን ከለቀማ ስትመለስ ጀርባዋ በበርበሬ ይንገበገብ ነበር። ገንዳው ውስጥ ገባች፤ በግራ እጇ ዣንጥላውን፣ በቀኟ ቅሉን ይዛ ውሃ አፈሰሰች። ጀርባዋን ለማሸት አንዱን መልቀቅ ነበረባት። ቅሉን ብትለቅ ውሃ የለም፤ ዣንጥላውን ብትለቅ ሰማዩ አለ። ከላይ የሆነ ነገር ጥዝ አለ። ትንኝ ይሁን ሌላ ቀና ብላ አላየችም፤ ሁለቱንም እንደያዘች፣ ጀርባዋ እየተቃጠለ ቆመች።