ከመጋረጃው ወዲያ

ኢዘዲን ያን ቀን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ገና ከባጃጁ ሳይወርድ ላብ አጥምቆት ነበር። ሀርጌሳ ደግሞ ያን ያህል አልሞቀችም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሚስቱን ሀሲናን ካጫት ጊዜ ጀምሮ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ ብሏታል፤ አልተመረቀም። የመመረቂያ ጽሑፉን መምህራን ፊት ሊያቀርብ በተቀጠረበት ቀን በሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፣ በዚያው ቀረ። ዲግሪህ የት አለ ሲባል "ቤት ስንቀይር ጠፋ" ይላል። ሀሲና የዋህ ናት፣ አመነችው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸቱ ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን ልጃቸው ሱሀይላ የነርሲንግ ትምህርቷ ሁለተኛ ዓመት ላይ "ከሰኞ ጀምሮ አልሄድም" ብላ ቁጭ አለች። ለምን ቢሏት "ሰለቸኝ" ብቻ። ኢዘዲን ዋሄን ገበያ ያለውን የስልክ መጠገኛ እየዘጋ ማታ ማታ ጨቀጨቃት። "እኔ ጆንያ እየተሸከምኩ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ጨርሻለሁ። አንቺ ምን ጎደለሽ?" ሌላ መከራከሪያ የለውማ።

በዚህ መሃል የድሮ የክፍል ጓደኛው ዱዓሌ "የእኛ ባች ከነቤተሰቡ ግቢያችን ይገናኛል" የሚል መልእክት ላከ። ኢዘዲን ሊያጠፋው ሲል ሀሲና ቀድማ አየችው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷን ይዘናት እንሂድ። የተማርክበትን ስታይ ልቧ ይመለሳል።"

እምቢ ይበል? በምን አፉ።

አጅሬ መላ ዘይዶ ነበር። ከሁለቱ ጎን አልለይም፣ ሰው ሲያወራቸው ጣልቃ እገባለሁ ብሎ። ምን ዋጋ አለው፣ የአዳራሹ በር ላይ እንግዳ የምትቀበል ሴት እናትና ልጅን ወደ ግራ፣ እሱን ወደ ቀኝ ሸኘቻቸው። መሃል ላይ መጋረጃ። ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ከተማ ኖሮ፣ በየሰርጉ በልቶ ጠጥቶ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ እንደሚቀመጡ ረሳው! ጭንቀት እንዲህ ያጃጅላል።

ከዚያማ መቀመጫው እሾህ ሆነበት። ዱዓሌ ትከሻውን እየመታ የድሮውን ያወራለታል፣ እሱ አንገቱን በመጋረጃው ክፍተት ያሰግጋል። ሩዙ ቀረበ፣ የፍየል ሥጋው ቀረበ፤ አልጎረሰም። በክፍተቱ ኸድራን አያት፤ ያን ጽሑፍ አብራው የሠራችው፣ አብራው ልታቀርብ የነበረችው። ወፈር ብላለች። የሱሀይላን እጅ ይዛ በሶማሊኛ ታወራለች፣ ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች። ሀሲና አጠገባቸው ሳምቡሳዋን ትበላለች፤ የእሷ ሶማሊኛ ከገበያ አያልፍም። ኢዘዲን ለልጁ ደወለ። ሱሀይላ ስልኩን አየችና ገልብጣ አስቀመጠችው። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ሴቶች መሃል ዘው ብሎ ምን ሊል ነው?

"ሽንት ቤቱ በዚያ ነው" አለው ዱዓሌ።

ወጥቶ ከግንቡ ጥላ ሥር ሲንቆራጠጥ ልጅቷ ራሷ ፈልጋ መጣች።

"አባዬ፣ ኸድራ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ ጠበቅነው አለችኝ። ብቻዋን አቀረበች። አሞት ይሆናል ብለው ሌላ ቀን ሰጥተውህ ነበር፣ እሱንም ቀረህ።"

"ታምሜ" ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰለቸው፤ ውሸቱም፣ መንቆራጠጡም።

"ፈራሁ" አለ። "ቋንቋው ይጠፋብኛል፣ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። እግሬ እምቢ አለኝ።"

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፣ እፍረት ገደለው። በገዛ አፌ ትምህርቷን አስጣልኳት፣ ከእንግዲህ ሂጂ ብላት ማን ይሰማኛል ብሎ አሰበ።

ሱሀይላ ግንቡን ተደግፋ አጠገቡ ቆመች።

"ሰኞ ሆስፒታል ልምምድ እንጀምራለን" አለች። "ሰው መርፌ ልወጋ ነው። ብስትስ እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ።"

"ሰለቸኝ አላልሽም እንዴ?"

"ታዲያ ምን ልበልህ አባዬ? ምንም ሳይፈራ የጨረሰ አባት ፊት ፈራሁ ይባላል?"