ከየቤቱ የመጣው ማሽን

የሐር ፋብሪካችን በተዘጋ ቀን፣ ልጆቼ፣ ባዶ እጁን የወጣ ሰው አልነበረም። ስርቆት እንዳትሉት። ሶቭየት ፈርሳ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው ሊሸጡ ነው ሲባል፣ እያንዳንዳችን ከየማሽናችን አንዳንድ ዕቃ ፈትተን ወሰድን። ጎዶሎ ማሽን ማን ይገዛል? "ሲከፈት ይዘን እንመጣለን" ተባባልን። እኔ የሽመና ማሽኔን መወርወሪያ ወሰድኩ። መካኒኩ ኦሮዝባይ ሞተሯን በአህያ ጋሪ ጭኖ ከዶሮዎቹ ጋር አስቀመጣት።

ሠላሳ ዓመት ጠበቅን። የማሽን ዘይት ሲጠፋ ብረቱ እንዳይዝግ የበግ ላት እያቀለጥን ቀባነው።

ልጄ ሳልኪን አጠገቤ ቆማ ክር መቀጠል የተማረች ናት። አሁን ሞስኮ ደረጃ ትጠርጋለች። እኔን እናቷን አፓ ነው የምትለኝ፤ በደወለች ቁጥር፣ "አፓ፣ ተከፈተ እንዴ? በተከፈተ ማግስት እመጣለሁ" ትለኛለች። እኔም "ደርሷል ልጄ" እላለሁ።

ዘንድሮ በጸደይ ከዋና ከተማችን ከቢሽኬክ አንድ ወጣት ባለሀብት ፋብሪካውን ሊያይ መጣ። ሁላችንም ጥቅልላችንን ይዘን ወጣን። ግማሹ ሰው ሞቷል፤ የአንዳንዱን ዕቃ የልጅ ልጆቹ ጥለውታል። ከስልሳ ማሽን የእኔዋ ብቻ ሞላች። ክር አዋጥተን ድሩን ዘረጋን፤ ኦሮዝባይ መብራቱን ለቀቀው።

ተነሣች! ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ ሲግል ላቱ ቀለጠና አዳራሹ ጥብስ ጥብስ ሸተተ።

"ኤጄ፣ ይሄ ፋብሪካ ነው ወይስ ሰርግ ቤት?" አለኝ ወጣቱ፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርቶኝ፣ አፍንጫውን ይዞ።

"ሩዙን አንተ አምጣ፣ ሥጋው ደርሷል!" አለው ኦሮዝባይ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ይልቅ ሞተርህን እይ፤ የዶሮ ላባ እየተፋች ነው!" አልኩት። ሴቶቹ እየሳቁ ያለቅሳሉ።

እኔ ግን ወደ ሳልኪን ደውዬ ስልኩን ወደ ማሽኗ ዘረጋሁ።

"አፓ... የእኛዋ ናት?"

"የእኛዋ ናት።"

"ሊቀጥሩ ነው?"

ወጣቱን ጠየቅሁት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እያፈረ ነገረኝ። የሚፈልገው ሕንፃውን ነው። የልብስ ስፌት መኪና ያስገባል፤ አርባ ሴት ይቀጥራል፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ግን አይወስድም። እነዚህ አሮጌዎቹ ማሽኖች ይነሣሉ።

ሳልኪን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

"ምን አለ፣ አፓ?"

ደርሷል ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። "ለወጣቶች ነው አለ፣ ልጄ" አልኳት።

ከወዲያ መጥረጊያ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ሰማሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች መሰለኝ።

"እንግዲያው እስኪ ትንሽ ልስማት" አለች።

ኦሮዝባይ "ሞተሯ ልትቃጠል ነው፣ ላጥፋት" ብሎ መጣ። ስልኩን መልሼ ወደ ማሽኗ እንደዘረጋሁ በክርኔ መለስኩት።