በስምንት ጣት

ልብስ ሰፊዋ አያት የግራ እጅ ጓንት ሲሰፉ ሁለቱ ጣቶቹ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀዋል። የልጅ ልጃቸው ሚጢጢ በግራ እጇ ያሏት ሦስት ጣቶች ብቻ ናቸው። ሁለቱን የቆረጣቸው የጓዳው በር ነው፤ በሩን የገፋችው እጅ ደግሞ የራሳቸው የአያትየው ናት። ይቺ ነገር ከአምስት ዓመት በኋላም እንደ መርፌ ትወጋቸዋለች።

ዛሬ ሚጢጢ የክፍሏ ልጆች ፊት ቆማ ስለ ቁጥር ልታስረዳ ነው።

«ጓንቱን እንዳታወልቂ፣ በሞቴ!»

«ያለ ጣቶቼ እንዴት ላስረዳ፣ እማማ?»

«በአፍሽ ነዋ! አፍሽ መች አነሰ?»

ልጅቷ እየሳቀች ጓንቱን አውልቃ እጆቿን ስፌት መኪናው ላይ ዘረጋች።

«ሰው በጣቱ ሲቆጥር አሥር ሲሞላለት፣ እንደ ጭራሮ አስሮ አንድ እስር ይላል። እኔ ስምንት ሲሞላልኝ አስራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ አይደል? አንድ እስር፣ አንድ ትርፍ። ሲጻፍ አንድ፣ አንድ። ከግራም ከቀኝም ብታነቢው ያው ነው።»

ደብተሯን ገለጠች። በስምንት እየታሰሩ ሲጻፉ ከግራም ከቀኝም እኩል የሚነበቡ ቁጥሮች ተሰልፈዋል፤ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ስምንት፣ ሃያ ሰባት እያሉ ወርደው ስድሳ አምስት ላይ ክብ ተደርጓል።

«ይሄ ያንቺ ዕድሜ ነው። ስምንት እስር ሲሞላ አንድ ትልቅ እስር ይሆናል፤ ስድሳ አራት ማለት ነው። ትንሽ እስር የለም፣ አንድ ትርፍ። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ! ዘንድሮ ሁለታችንም ሰልፉ ውስጥ ነን።»

«ከዚህ በኋላስ መቼ እገባለሁ?»

«ሰባ ሦስት ሲሞላሽ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። እስከዚያ የትም አትሄጂም!»

«አንቺ ልጅ፣ ሞትንም በደብተር አገድሽው?» አሉና ጓንቱን አነሡ። «ቢስቁብሽስ?»

«ይሳቁ። በጓንቱ ግን አሥር ጣት ያለኝ ይመስላቸዋል፣ ቁጥሬ ሁሉ ይበላሻል። ጥጥ እኮ አይቆጠርም።»

አያትየው ጓንቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ሸኝተዋት መመለስ ግን አልሆነላቸውም። በትምህርት ቤቱ አጥር ሽንቁር የክፍሏን መስኮት ሲያዩ ድንገት የሕፃናት ሳቅ ፈነዳ። «ሳቁባት!» አሉ። በግንባራቸው አጥሩን ተደግፈው እንደገና ተመለከቱ።

ክፍሉ በሙሉ እጁን አንሥቷል። እያንዳንዱ ልጅ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጥፎ በተቀሩት ይቆጥራል፤ አንዱ ያጠፈው ጣቱ አልታዘዝ ብሎ ብድግ እያለበት ጓደኞቹ ይስቃሉ። ሚጢጢ ከፊት ቆማ፣ «አጠፍ አድርገው!» ትላለች።

አያትየው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች አጠፉና ከስድሳ ስድስት ጀምረው ዓመቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ሰባ ሦስት ሲሉ ጣቶቹ አለቁ።

«አንዲት እስር ብቻ ናት እኮ» አሉ ለራሳቸው፤ የቀረውን ስፌት ለመጨረስም ወደ ቤት ፈጠን ፈጠን አሉ።