አልበላሁም

መምህርቷ ማስረዳት ትችልበታለች። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ሌላውም እንዳይረሳው ታደርጋለች። ስለዚህ የጭምቷ እናት አንድ ሰኞ ጠዋት የክፍሉ በር ላይ አስቁማ፣ «ልጄ ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለባት አሉኝ። ስንዴና ገብስ ያለበት ነገር በአፏ እንዳይዞር፣ አደራ» ስትላት፣ መምህርቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ለእኔ ይተዉት» አለች።

ጭምቷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ድምጿ የሚሰማው ስም ሲጠራ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ቀን አውራ ጣቷን ጎርሳ ሰው ስታይ ትውላለች። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው።

«ሆዳችን ውስጥ፣» አለች መምህርቷ ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ሰብስባ፣ «እንደ ፎጣ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ምግቡን እየመጠጡ ለሰውነታችን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ደግሞ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እኛን ምንም አያደርገንም። የጭምቷ የሰውነት ዘበኞች ግን ግሉተን ሲያዩ ሌባ የገባ ይመስላቸዋል። ዱላቸውን ይዘው ይነሱና ሲደባደቡ የገዛ ቤታቸውን ያፈርሱታል። ፎጣው ይመለጣል። ከዚያ ሆዷን ያማታል፣ ትከሳለች።»

«ለምን ዘበኞቹን አናባርራቸውም?» አለ ጥያቄ የማያልቅበት፣ «ለምኔ» የሚሉት ልጅ።

«ለሌላ በሽታ ያስፈልጓታላ።»

«እርሳሷን ብጎርሰውስ ይይዘኛል?»

«አይይዝህም። እርሳስ ግን አይጎረስም።»

«ትንሽ፣ በጣም ትንሽዬ ዳቦ ብትቀምስስ?»

«ፍርፋሪም ቢሆን! ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ እንቁላል ግን እንደ ልቧ።»

ልጆቹ ገና ማንበብ ስለማይችሉ ሰሌዳው ላይ ትልቅ የስንዴ ዛላ ሣለችላቸው። ይህ ሥዕል ያለበት ካርቶን ካያችሁ ለጭምቷ አይሆንም፤ ከሌለበትም ሳትጠይቁኝ አትስጧት አለቻቸው።

በማግስቱ ክፍሉ ኬላ ሆነ። የክፍሉ አለቃ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ቆፍጣና ልጅ፣ በር ላይ ቆማ ምሳ ዕቃ ታስከፍት ጀመር። ብስኩት የያዘ ጥግ ይቀመጣል፤ በልቶ ሲጨርስ እጁን ይታጠባል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያወጣል። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ ጢማቸው ላይ የኬክ ፍርፋሪ ተገኝቶ ከበር ተመልሰዋል። መምህርቷም ይህን ሁሉ እያየች በራሷ ትኮራለች። ጭምቷ በበኩሏ በሕይወቷ እንዲህ ተፈልጋ አታውቅም። ጎኗ ለመቀመጥ ወረፋ ተያዘ፤ አንድ ቀንማ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ ተናገረች።

ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ቅዳሜና እሑድ ደህና ትሰነብታለች፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ውላ ስትመለስ ሆዷን ይዛ ትጣጠፋለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። እናትየው ማታ ማታ የልጅቷን ኪስ ታራግፋለች፣ አፏን ታሸታለች።

«ምን በላሽ?»

«አልበላሁም።»

መምህርቷም ለብቻዋ ጠርታ፣ «ለእኔ ንገሪኝ የኔ ቆንጆ፣ አልቆጣሽም» ብትላት መልሱ ያው ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ አላመነቻትም። ለእናትየው፣ «ልጅ አይደለች? አምሯት ይሆናል» አለቻት።

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ካልተሻላት አስወጥቼ ቤት አስቀምጣታለሁ» አለች እናት። ጭምቷ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። አላለቀሰችም፤ ጣቷን ብቻ አጥልቃ ጎረሰች።

ዓርብ ጠዋት መምህርቷ ለመሰናበቻ እንኳ የምትወደውን ትጫወት ብላ አሰበች። ጭምቷ የምትወደው የመጫወቻ ሊጥ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት መጀመሪያ የምታነሣው እሱን ነው፤ ጅራት ብቻ የሚጎድለው ዝሆን ትሠራበታለች። ሊጡን መምህርቷ ራሷ ቤቷ አቡክታ፣ ቀለም ነክራ ታመጣዋለች፤ አሠራሩንም ለማንም አትነግርም። በዋዜማው ማታ ግን ጊዜ ስላጣች ዕቃውን ሁሉ ተሸክማ መጣች። ጨው፣ ዘይትና ቀለም ደረደረች። በመጨረሻ የዱቄቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው።

አለቃዋ ጣቷን ቀሰረች።

«ቲቸር… ሥዕሉ!»

መዳፍ የሚያህል የስንዴ ዛላ ከረጢቱ ላይ ታትሟል።

«ይሄ እኮ ለመብል አይደለም፣ ለመጫወ…» ስትል መምህርቷ፣ ዓይኗ ጭምቷ ላይ አረፈ። አውራ ጣቷ እስከ ሥሩ አፏ ውስጥ ነው፤ በቀሩት ጥፍሮቿ ሥር የትናንቱ ቀይ ሊጥ ደርቋል። መምህርቷ ክው አለች።

«ቲቸር፣ ዘበኞቹን የምትቀሰቅሻቸው አንቺ ነሽ?» አለ ለምኔ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለአንድ አፍታ ክፉ ሐሳብም መጣባት፦ ከረጢቱን ጥላ ከሰኞ ጀምሮ በሩዝ ዱቄት ብታቦካ ልጅቷ ይሻላታል፤ ምስጋናውም የሷ ይሆናል። ግን ሃያ ሰባት ምስክር ዓይኑን አፍጥጦባታል። ከሃያ ሰባቱ ይልቅ ያቺ አንዷ አንገበገበቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

አለቃዋ ጭምቷን እየጎተተች ወደ ቧንቧው ወሰደቻትና ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተገቻት።

እኩለ ቀን ላይ እናትየው የልጇን ዕቃ ልትወስድ ባዶ ቦርሳ ይዛ ደረሰች። መምህርቷ፣ ያቺ አንደበተ ርቱዕ፣ በር ላይ ተቀበለቻት።

«ልጅዎ አልበላችም» አለች እንደ ምንም። «እኔ ነኝ በሊጥ ሳበላት የከረምኩት።» ከረጢቱን አሳየቻት፤ የጣቷን ነገርም ነገረቻት። ከዚያ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «አልበላሁም ስትይኝ አላመንኩሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጭምቷ ጣቷን ከአፏ አወጣች። ክፍሉ ሁሉ አፍ አፏን ያይ ነበር።

«እሺ» አለች።

ቀጥሎ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ አንቺስ?»

እናትየው ባዶውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠችና ከመምህርቷ ጎን ተንበረከከች።

«እኔም አላመንኩሽም፣ ይቅርታ የኔ እናት» አለች።