ሰፊዋ የተሰፋች ጊዜ

ሰፈሩ ውስጥ «ጥድፊያ» ነበር የሚሏት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠዋት የለካችውን ቀሚስ ማታ ደንበኛዋ ላይ ካላየችው እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት እንግዲህ በሦስተኛው እርግዝናዋ ከአልጋ አትውረጂ የተባለችው።

የፊተኞቹ ሁለት ፅንሶች አምስተኛው ወር ላይ ጨንግፈውባታል። ሐኪሙ አሁን ሲመረምራት ምክንያቱን አገኘው፤ የማህፀኗ በር ፅንሱ ከበድ ሲል ጊዜውን ሳይጠብቅ ይከፈታል። መላው በሩን በክር መስፋት ነው አላት።

«ክሩ ምን ዓይነት ነው?» አለች ሰፊዋ ወዲያው።

«ጠንካራ ነው።»

«እንግዲያው ድርብ ያድርጉልኝ።»

ሐኪሙም ባሏም ሳቁ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በማግስቱ «ሰፊዋን ሰፏት» የሚለውን ያልሰማ ተሳፋሪ አልነበረም። ያልሳቁት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ፅንስ የጨነገፈ ሰሞን፣ እሷ ጓዳ ተኝታ ሳለ፣ አማቷ ለጎረቤት «ወንፊት ውሃ ይይዛል?» ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰምታቸዋለች። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰላምታ ከደጃፍ አያልፍም። ደህና ዋሉ፣ ደህና ዋልሽ፣ አለቀ።

ክሩ ያዘ። አምስተኛው ወር አለፈ፣ ስድስተኛውም ተከተለ። ሰፊዋ ሆስፒታል ተኝታ በእጇ የሕፃን ኮፍያ መስፋት ጀመረች፤ በክፍሉ ያሉት ነፍሰ ጡሮች ሁሉ አዘዟትና አልጋዋ ሱቅ መሰለ። ልቧ ግን በየማለዳው እንደ ተፈታኝ ተማሪ ልብ ነበር የሚዘለው። ነርሷ የፅንሱን የልብ ምት ልታዳምጥ ስትመጣ ትንፋሿን ትውጣለች፤ ድው ድው ሲል ትለቀዋለች።

ሰባተኛው ወር ሲጋመስ፣ ቁርሷን ልትበላ ቀና ስትል የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። የሕፃኑ ሳንባ ገና ጥሬ ነው፣ የሚያበስል መርፌ እንወጋሻለን፣ ሁለት ቀን ካላቆየሽልን ግን መርፌው በቅጡ አይሠራም አላት። ሰፊዋ ፅንሱ ሴት ናት ብላ ከወሰነች ቆይታለች፤ ሆዷን በሁለት እጇ አቀፈች።

«ስሚኝ» አለቻት። «ጥድፊያውን ከእኔ ወርሰሽ ከሆነ ሌላ ጊዜ ትጠቀሚበታለሽ። አሁን አደብ ግዢ።»

አደብ ገዛች። ሁለቱ ቀን አልፎ፣ ሦስተኛው ቀን እኩል ሲሆን ምጡ መጣ። ሐኪሙ ክሩን በጠሰው፣ ልጅቷም ወጣች፤ እውነትም ሴት። ሁሉም ጆሮውን ወደ ሕፃኗ አቀና። ከዚያ ከድመት ግልገል ያነሰ ድምፅ ተሰማ። በራሷ ሳንባ አለቀሰች! አዋላጇ ሰማሽ፣ ሰማሽ እያለች የሰፊዋን ትከሻ ወዘወዘችው፤ ሰፊዋ ግን ሳቋን ማቆም አቅቷት ነበር።

ልጅቷን ወደ ማሞቂያ ክፍል ወሰዷት። እናትየውን ግን ትኩሳት ጣላት፤ እስኪለቅሽ ሕፃናቱ ጋ አትገቢም አሏት። ወደ ልጇ የሚሄደው ወተቷ ብቻ ሆነ። ጠብ ጠብ እያደረገች በትንሽ ኩባያ ታልባለች፣ ሹፌሩ ይወስዳል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ በጠባብ ኩርባ የሚዞር ሰውዬ፣ ሁለት ማንኪያ ወተት ይዞ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ እርምጃውን እየቆጠረ ይሄዳል። እሱንም ጉንፋን ይዞት ስለነበር ነርሷ ወተቱን ከበር ተቀብላ ትመልሰዋለች።

ወሬውን ግን ያመጣል። ልጅቷ በቀጭን ቱቦ ወተት ትወስዳለች፤ ቀን ቀን ደግሞ ከሳጥኑ አውጥተው ሰው ደረት ላይ ያስተኟታል፤ ገላ ከገላ ሲነካ ሙቀቷም ትንፋሿም ይስተካከላል። የማን ደረት ላይ ብትለው፣ አንዲት ሴትዮ ናቸው ብሎ ወሬ ቀየረ። ሰፊዋን ቅናት በላት። ትኩሳቱ ለቋት ሐኪሙ ግቢ ባላት ጠዋት፣ የግራ ነጠላ ጫማዋን በቀኝ ተጫምታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ገሠገሠች። ባሏ ቀስ ቢላት ማን ሰምቶት።

እጇን ታጥባ፣ ጋውን ለብሳ ገባች። እናቶች ወንበር ላይ ጋደም ብለዋል፤ በየደረታቸው ልጅ በጨርቅ ታስሯል። ዳር ያለው ወንበር ላይ አማቷ ናቸው። ከተደረበላቸው ብርድ ልብስ ጫፍ የራሷ ስፌት የሆነ ኮፍያ ብቅ ብሏል፤ ሰፍቷት ቅንድቧን ውጦባታል። ነርሷ ከኋላዋ ጠጋ ብላ፣ አያትየው ጠዋት ከተቀመጡ እስከ ማታ ንቅንቅ እንደማይሉ፣ ምሳቸውን እንኳ ሌሎቹ እናቶች እንደሚያጎርሷቸው ሹክ አለቻት።

አማቷ አዩዋት። «መጣሽ? ነይ እንጂ ልጄ። ስትቀንስ ሰንብታ ዛሬ ሚዛን ላይ ጨመረች።» ፊታቸው ሲበራ ቆይቶ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ጊዜ የተናገርኩትን ነገር…»

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ አንገቷን ይያዙልኝ» አለች ሰፊዋ፣ ጋውኗን እየፈታች።

ነርሷ ልጅቷን ከአንዱ ደረት ወደ ሌላው አሻገረቻት። ከተጣጠፈ ሻሽ አትከብድም፤ ሙቀቷ ግን እስከ ሰፊዋ እግር ጥፍር ወረደ። በዚህ መሃል ትንፋሿን የሚከታተለው ማሽን ጮኸ። ትንሿ ደረት መንቀሳቀስ አቁማለች። ሰፊዋ ደርቃ ስትቀር፣ አማቷ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የሕፃኗን ተረከዝ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ደረቷ ከፍ አለ፣ ማሽኑም ዝም አለ።

«አንዳንዴ መተንፈስ ትረሳለች» አሉ። «ስታስታውሻት ታስታውሳለች። ሲስተር ናት ያስተማረችኝ።»

ነርሷም ደርሳ አየቻትና ደህና ናት አለች። ሰፊዋ ጣቷን ተረከዙ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በፈረቃ ታቀፏት። የሚዛን ሰዓት ሲደርስ ክፍሉ ኳስ ሜዳ ይሆናል፤ አንገት ሁሉ ይሰግጋል፤ ለጨመረ ይጨበጨብለታል፣ ሕፃናቱ እንዳይነቁ በሁለት ጣት ብቻ። አማቷ ውጤቱን በመስታወቱ በኩል ለልጃቸው በእጃቸው ያሳዩታል፤ እሱም ኮሪደሩ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቅፋል። ቱቦው ወጣላት፣ ጡት ያዘች፣ መርሳቷንም ራሱን ረሳችው።

ሐኪሙ ወደ ቤት ባላቸው ዕለት ሹፌሩ የጓደኛውን መኪና ተውሶ መጣ። አነዳዱ ግን ሌላ ሆነ፤ ዘምቢል የያዙ ሽማግሌ በእግራቸው ቀድመውት ሄዱ። የኋላው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። አማቷ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሕፃን ይዘናል፣ የመጀመሪያችን ናት አሉት። ሰውየው ጥሩምባውን አቁሞ አጠገባቸው ደረሰ፤ ወደ ውስጥ አጎንብሶ ሲያይ ሰፊዋ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችለት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለና እሱም ቀስ ብሎ ከኋላቸው ተከተላቸው።